ከረሜላ የገባበት ሌማት

በእኛ ሰፈር የታጨች ልጅ ለጥምቀት የጣፋጭ ሌማት ታሰናዳ ነበር። እንጀራ የለበት፣ ወጥ የለበት፣ በርበሬ የሚባል ነገር ባጠገቡም አያልፍ። ማር፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራ፣ ከጓሮና ከማሳ የተገኘ የሚጣፍጥ ነገር ሁሉ ይደረደርና ታቦቱ ወዳደረበት ወንዝ ዳር ይወሰዳል። እዚያ የልጁ አባት ገልጦ ያየዋል፣ ከልጁ ወገን አንድ ሰው ይቀምሳል። ከተቀመሰ ጋብቻው ጸና ማለት ነው፤ የተቀመሰ ሌማት አይመለስም። ሳይቀመስ ተከድኖ ከተመለሰ ደግሞ ልጅቱ ቀረች። ቀረች ስል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከእኛ በላይ ካለው መንደር አንዷ ሌማቷ ተመልሶባት፣ ስንት ጥምቀት ቤቷ ከከረመች በኋላ ሚስቱ ለሞተችበት ሽማግሌ ተሰጠች።

ፍኖተ ሰላምን ያኔ ውጀት ነበር የምንላት። መንደራችን ከውጀት ወደ ቡሬ ሲኬድ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጧል፣ ጫካው የአርበኛ ነው፣ እኛ መሀል ነን። አንዱ ግብር ይላል፣ ሌላው ስንቅ ይላል። እንዲያም ሆኖ እህል ይዘራል፣ ልጅ ይዳራል፣ ጥምቀትም ይመጣል። ሰው ምን ያድርግ!

እጮኛዬ ባለፈው ጥምቀት ሎሚ የወረወረብኝ ሰው ነው። ሎሚ ደረት ላይ ነው የሚወረወረው፤ እሱ ጆሮዬን አገኘው። ጆሮዬ ሲግል ዋለ። «ዓይን የለህም እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት፤ ሳቀ። ያ ሳቁ ነው ጉድ የሠራኝ። ክረምት ሳይገባ ሽማግሌ ላከ። አባቴ ቀድሞ ሞቷል፤ እናቴ አሰበችና እሺ አለች። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝ ግን አፌን ሞልቼ እሺ ነበር የምለው። ሌላ ሰው አልፈልግም ነበር፤ ይኸው ነው።

አባቱን ግን እፈራቸዋለሁ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ቃላቸው ጥቂት የሆነ ገበሬ ናቸው። የበኩር ልጃቸው እህል ይዞ ቡሬ ገበያ እንደወረደ «የአርበኛ መልእክተኛ ነህ» ተብሎ ተያዘና ጣሊያኖች ሰቀሉት። ሬሳውን እንኳ የሰጣቸው የለም። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ማወቅና ማሰብ ለየቅል ነው እንጂ።

ለሌማቱ ትርንጎ አስፈለገኝ። ትርንጎ ያለው አክስቴ ጓሮ ነው፤ አክስቴ ያለችው ቡሬ ነው። የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ባሏ ሞቶባት ከምሽጉ በታች ጠላ ትሸጣለች። ልጅ አልወለደችም፤ ልጅዋ እኔ ነኝ። ከጥምቀት በፊት በነበረው የገበያ ቀን ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሄድኩ። ገና በር ላይ ስታየኝ እልል ብላ ተቀበለችኝ።

«የኔ ዓለም! ሙሽራዬ! ከስተሻል፣ ያ ልጅ ነው እንዴ እንቅልፍ የነሳሽ?» አለችኝ።

«ኤዲያ እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ!»

«ተይ ተይ፣ ፊትሽ ያስታውቃል» አለችና ከት ብላ ሳቀች።

ትርንጎዎቹን ራሷ መርጣ ቆረጠችልኝ። ልወጣ ስል ደግሞ ከሣጥኗ አንድ ቋጠሮ አወጣች። ስትፈታው ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ ወረቀት የለበሰ ነገር ነው፤ በእፍኝ ይሆናል። ከረሜላ ይባላል አለችኝ። አስካሪ ከሚሏቸው የጣሊያን ወታደሮች አንዱ ጠላ ሊጠጣ በመጣ ቁጥር ጣል ያደርግላታል። «ወረቀቱን ልጠሽ ነው የምትበዪው» ብላ አንዱን ልጣ አጎረሰችኝ። አፌ ውስጥ ሲሟሟ፣ አቤት! ማር እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። ቋጠሮዋን እንዳለ ጨበጠችልኝ። ለራሷ አንድ አላስቀረችም።

በከተራው ዕለት ተሰናዳሁ። ገሃድ ነው፣ ጾም። ቀኑን ሙሉ ማር በእጄ ይዤ ምላሴን ማንቀሳቀስ አልችልም። አንዴ ሳላስበው ጣቴን ወደ አፌ ስወስድ እናቴ እጄን ቸብ!

«አንቺ የማትረቢ! ታቦት ሊወጣ ገሃድ ልትሽሪ ነው?»

ስለዚህ አንዱንም ሳልቀምስ ነው የሠራሁት፤ በዓይኔ ብቻ ነው የፈረድኩት። በማር የታሸው ዳቦ ቆሎ ትንሽ ጠቆረብኝ፤ ጠቆር ያለውን ከሥር፣ ያማረውን ከላይ አደረግኩት። ይህን ያላደረገች ሴት ካለች ትምጣና ትንገረኝ።

በመጀመሪያ የኮባ ቅጠል አነጠፍኩ፤ አለዚያ ማሩ ሌማቱን አልፎ የተሸካሚውን አናት ያጥበዋል። መሀል ላይ ማሩን ከነሰፈፉ አስቀመጥኩ። ዙሪያውን ዳቦ ቆሎ፤ ቀጥሎ በሶ በማር አሽቼ፣ በመዳፌ አድበልብዬ ደረደርኩ። ሸንኮራውን ልጬ በጣት ልክ ቆረጥኩት። ትርንጎውን በስሱ ቆርጬ ማር አርከፈከፍኩበት። ዳር ዳሩን የሽምብራ እሸት ከነቅጠሉ። ጨርሼ ብድግ ብዬ ከላይ አየሁት። ያምራል፤ ግን ከእሸቱ በቀር ሁሉም አንድ መልክ ሆነብኝ፣ የማር መልክ። ቀይ ነገር አማረኝ። ቋጠሮዬን አመጣሁና ከረሜላዎቹን በማሩ ዙሪያ አንድ በአንድ ሰካኋቸው።

እናቴ መጥታ አየችው።

«ይኼን የፈረንጅ ነገር አውጪው።»

«ምን ያደርጋል? ያምራል እኮ።»

«ቡሬ ምሽግ ድረስ ምን አስኬዳት ይላሉ።»

«ምሽግ ሄድኩ እንዴ? አክስቴ ጋ ነው የሄድኩት! የፈለጉትን ይበሉ!»

«እንግዲህ ራስሽ ታውቂያለሽ» አለችና ተወችኝ።

እናቴ ራስሽ ታውቂያለሽ ካለች ነገሩ አልቆለታል ማለት ነው፤ መስማት ነበረብኝ። ለማን ሰምቼ አውቃለሁ!

በማግሥቱ ጠዋት ቅዳሴው አልቆ፣ ጠበሉ ተረጭቶ ሕዝቡ ላህ ወንዝ ዳር በየዛፉ ሥር ተቀምጧል። እናቴ ሌማቱን ተሸክማ ከፊት፣ እኔ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ከኋላ። የታጨች ልጅ አማቶቿ ፊት አትታይም፤ ከሴቶቹ ኋላ ቆምኩ። በነጠላዬ ቀዳዳ ግን ሁሉን አያለሁ። እጮኛዬ ከጓደኞቹ ጋር ከአባቱ ጎን ቆሟል። አዲስ ኩታ ለብሷል፤ አምሮበታል።

እናቴ ሌማቱን አስቀምጣ እጅ ነሣች። የእጮኛዬ አባት፣ ሽማግሌው፣ ክዳኑን አነሡት። ሴቶቹ «እሰይ! እጇ ይባረክ!» አሉ። እኔ ኩራቴ ሊገድለኝ ደረሰ። ሽማግሌው ግን ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ቀዩ ነገር ዘረጉ፤ ሳይነኩት መለሱት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ከረሜላ የሚሉት ነው፣ ጌታዬ» አለች እናቴ።

«ከየት መጣ?»

እናቴ ውሸት አታውቅም። «ከቡሬ ነው» አለች።

«ቡሬ ማን ሄደ?»

«ልጄ ናት። አክስቷ ጋ።»

ሽማግሌው ክዳኑን መልሰው በሌማቱ ላይ አደረጉት። ቀስ ብለው፣ ጠርዙን አስተካክለው። «ይመልሱት፣ እሜቴ» አሉ።

ክው አልኩ። እልል ሊሉ አፋቸውን የከፈቱት ሴቶች አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። እናቴ አልተለማመጠችም፤ ጎንበስ ብላ ሌማቱን ልታነሣ እጇን ዘረጋች። ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ለአንድ ቀይ ወረቀት ብዬ! እጮኛዬን ላጣው ነው፣ እናቴንም አዋረድኳት። በስንት ሰው ፊት!

ይኼኔ እጮኛዬ ከጓደኞቹ መሀል ወጣ። ማንንም ሳያይ መጣና በርከክ ብሎ ክዳኑን ገለጠ። ማሩን አልነካም፣ ዳቦ ቆሎውን አልነካም። ከረሜላውን አነሣና ከነወረቀቱ አፉ ውስጥ ከተተው።

ከነወረቀቱ! እኔ ከነጠላዬ ሥር «ልጠው! ልጠው እንጂ!» ልለው አፌ ድረስ መጣ። እንዴት ብዬ! እሱ ግን ያኝካል። ኩርሽም፣ ኩርሽም። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ጉንጩ ወዲህ ወዲያ አለ። ጓደኞቹ እንዲህ ነው የሚበላው ብለው አሰቡ መሰለኝ፣ ሁለቱ እጃቸውን ሰድደው እነሱም ከነወረቀቱ ጎረሱ። ሦስት ጎረምሳ በታቦት ፊት ወረቀት ሲያኝክ በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«በላህ?» አሉት አባቱ።

«በላሁ፣ አባዬ።»

«ጣፈጠህ?»

ዋጠ፣ አሰበም። «ወረቀት ወረቀት ይላል» አለ።

ሕዝቡ ፍርስ አለ። እናቴ እንኳ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሽማግሌው አልሳቁም። ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ከዳር አንድ የሽምብራ እሸት በጠሱ፣ ሸለቀቁት፤ ሁለት ፍሬ ነበረው። አንዱን ራሳቸው ቀመሱ፣ ሌላውን አጠገባቸው ለተቀመጡት ለባለቤታቸው ሰጡ። ሁለቱም የሚያኝኩት ቀስ ብለው ነበር።

«ሰርጉ ጾም ሳይገባ በየካቲት ይሁን» አሉ። «ልጅቱ ግን ከእንግዲህ ቡሬን አትርገጥ። ቡሬ አንድ ልጅ በልቶብኛል። ሁለተኛ አልሰጠውም።»

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔም ደስ አለኝ፤ አለቀስኩ። ግን ፀባዬ አይደል፣ እንባዬ ሳይደርቅ ንዴቱ መጣ። ከሁሉም ንግግራቸው ጆሮዬ ውስጥ የቀረው «አትርገጥ» የሚለው ነው። አክስቴን እንዳላይ ሊከለክሉኝ? እኔ በሬ ነኝ እንዴ የምታሰር? እሺ፣ አትርገጥ ካሉማ አልረግጥም፣ አንድ ቀን ራሳቸው ሂጂ ብለው እስኪለምኑኝ ድረስ አልረግጥም አልኩ በሆዴ።

በየካቲት ተዳርኩ። ባሌ ጥሩ ባል ሆነ፤ ስለ እሱ የማማርረው የለኝም። ሽማግሌውም ክፉ አልነበሩም። ቤታቸው ከገባሁ ጀምሮ ልጄ ብለው ነው የሚጠሩኝ፤ ከገበታው ደህናውን ወደ እኔ ገፋ ያደርጋሉ። አንድ ቀን እንኳ ቡሬን አላነሡብኝም። እኔም አላነሣሁባቸውም። አክስቴ በገበያተኛ «ዓይንሽን ልየው፣ ብቅ በይ» እያለች ትልክብኛለች። «ቃል አለብኝ» እያልኩ እመልሳለሁ። እሷ ደግሞ ጠላዋንና ቤቷን ጥላ መምጣት አትችልም።

ጣሊያን ከቡሬ ወጣ። አገሩ ተፈታ፤ ሰው እንደልቡ ይወርዳል፣ ይወጣል። አሁን ሂጂ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። ዝም አሉ። ዝም ካሉማ እኔም ዝም።

በዓመቱ ግድም አንዲት ሴት ከቡሬ መጣች። አክስቴ ታማለች፣ አትተርፍም፣ ስምሽን ትጠራለች አለችኝ። ባሌ እርሻ ነበር። ሽማግሌው ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። እንስራዬን ይዤ በፊታቸው ወደ ወንዝ አለፍኩ። ተመለስኩ። እንደገና አለፍኩ። «አንቱ፣ አክስቴ ልትሞት ነው፣ ልሂድ» ማለት ምን ይከብዳል? አንድ ቃል ነው። ከእሳቸው ይምጣ እንጂ እኔ አልለምንም የሚለው እልሄ አላናግር አለኝ። ዛሬ ሳይሆን ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገም ነገ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን መርዶ መጣ። ቀብረዋታል።

ጓዳ ገብቼ ደረቴን እየመታሁ አለቀስኩ። ሽማግሌው ጩኸቴን ሰምተው መጡና በራፉ ላይ ቆሙ። ምን እንደሆነ ነገርኳቸው፤ መታመሟን ሰምቼ እንደነበርም ነገርኳቸው።

«ታዲያ ለምን አልሄድሽም?» አሉኝ።

«ቡሬን አትርገጥ ብለውኝ የለ?»

ያልገባቸው ይመስል ቆመው አዩኝ። ከዚያ አጠገቤ መሬቱ ላይ ተቀመጡ።

«እሱማ ጣሊያን እያለ ነው እኮ፣ ልጄ» አሉኝ።