የመዘዞ በረዶ

ደብረ ብርሃን ሥዕል አስተምር በነበረበት ዘመን፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ደጋማዋ መዘዞ ላይ ከባድ በረዶ መውረዱን ሰማሁ። በማግስቱ ጠዋት በጭነት መኪና ተሳፍሬ ሄድኩ። ኮረብታው፣ የገብሱ ማሳ፣ ከማሳው ዳር የቆመው ዛፍ፣ የድንጋዩ ካብ ሁሉ ነጭ ለብሶ ነበር። የዘይት ቀለሙ በብርዱ ጠጥሮ አልወጣ ሲለኝ ቱቦዎቹን ብብቴ ውስጥ ከትቼ አሞቅኋቸው። ጣቶቼ ስለደነዘዙ ብሩሹን በጡጫዬ ጨብጬ ነበር የምሥለው። ከሩቅ ነጭ ብቻ የመሰለኝ በረዶ፣ ቀርቤ ሳየው ሰማያዊም ሐምራዊም ነበረበት።

አባቴ በአንኮበር የታወቁ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ሥዕሉን ሳሳያቸው ቅዱሱ የት እንዳለ ጠየቁኝ። የለም አልኳቸው። አዘኑብኝ፤ ሌላው ቢቀር ከጥግ አንድ መልአክ እንድጨምርበት ለመኑኝ። አልጨመርኩም።

ለወላጆች ቀን ሥዕሉን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰቀልኩት። ዳይሬክተሩ አይተውት ከፈረንጅ ካላንደር ላይ የቀዳሁት ነው አሉ። መዘዞ ነው ብላቸው ሳቁ። ከአዲስ አበባ እንግዶች ስለሚመጡ፣ ወይ ከሥሩ «አውሮፓ» ብዬ እንድጽፍ ወይ እንዳወርደው አዘዙኝ።

«አልጽፍም፤ አላወርድምም» አልኳቸው። «ከፈለጉ እርስዎ ያውርዱት።»

 ከሥዕሉ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ።

በዚህ መሐል፣ ልጃቸውን ሊያዩ ከመዘዞ የመጡ አንዲት ሴትዮ ሸራው ፊት ቆሙ። ብዙ ካዩት በኋላ በጣታቸው ወደ ዛፉ ጠቆሙ።

«ይቺ ኮሶ የእኛ ናት» አሉኝ። «ገብሱስ የታለ?»

«ከበረዶው ሥር ነው፣ እናቴ።»

«አዎ፣ እዚያው ነው የቀረው» አሉ።

በቀለሙ ውበት ተይዤ የማን እህል እንደጠፋ አለመጠየቄ ያን ጊዜ ገባኝና አፈርኩ። ዳይሬክተሩም ሰምተዋል፤ ከአዳራሹ ወጡ። ሥዕሉን ማንም አላወረደውም። እንግዶቹ መጥተው አንደኛው የየት አገር በረዶ እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ የመዘዞ መሆኑን አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ ነገርኩት።

በዓመቱ መጨረሻ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ። ዳይሬክተሩ የምሄድበት አገር ቆላ መሆኑን፣ እዚያ የሚሣል በረዶ እንደማላገኝ ነገሩኝ።

«ቆላውን እሥላለሁ» አልኳቸውና ፈርሜ ወጣሁ።