አባቴና የግቢያችን ስንጥቅ

ዛሬ ጠዋት ከኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ወርጄ ልወጣ ስል የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ያዘኝ። ኮሚቴው የመኪና ማቆሚያውን ወለል እያስጠገነ ነበር። ጥበቃው ከአንድ ወንበር ወደ ሌላው ሲባጎ ወጥሮ፣ «እህቴ፣ በዚያ በኩል ዙሪ፤ ገና እርጥብ ነው» አለኝ። እኔ ግን መዞሩን ትቼ ሲባጎው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ጥበቃው የሆነ ነገር የጠፋኝ ሳይመስለው አልቀረም፣ እሱም መሬት መሬቱን ያይልኝ ጀመር።

እርጥብ ሲሚንቶ ለብዙ ሰው ምንም አይሸትም። ለእኔ ግን የአባቴ ሽታ ነው። አባቴ ግንበኛ እንዳይመስላችሁ፤ የመንግሥት ቢሮ ሰው ነበር፣ ዕድሜውን የጨረሰው ፋይል ሲያገላብጥ ነው። ለምን የሲሚንቶ ሽታ እሱን እንደሚያመጣብኝ ላጫውታችሁ፤ ሥራም እንደሆነ ረፍዶብኛል፣ የረፈደ ነገር ደግሞ አይቸኮልበትም።

ቤታችን ካዛንቺስ ነበር። «ነበር» የምለው አሁን ስለሌለ ነው። ሰፈሩ ፈርሶ ሰፊ መንገድና ሣር ሆኗል። በቀደም በታክሲ ሳልፍ በራችን የት ጋ እንደነበር ለመለየት አንገቴን ባዞር ባዞር አልሆነልኝም፣ ዝም ብዬ አለፍኩ።

ከግቢው በር እስከ ጋራዡ ድረስ መኪና የሚገባበት የሲሚንቶ መሬት ነበረን። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በሳሙናና በመጥረጊያ ታጥበው ስለነበር ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። እናቴ የሞተችው ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ነው። የእድሩ ድንኳን የተተከለው እዚያው ሲሚንቶው ላይ ነበር፣ ሌላ ቦታ የለማ። እኔ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ወንዶቹ የብረት ችካሉን በትልቅ መዶሻ ወደ ሲሚንቶው ሲመቱ እሰማ ነበር። እያንዳንዱ ምት በግድግዳው በኩል መጥቶ ጀርባዬ ላይ ያርፋል። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሳ የችካሎቹ ቀዳዳ ቀረ፤ ከየቀዳዳው ደግሞ ስንጥቅ ወጥቶ እስከ ጋራዡ ድረስ ሄደ። የክረምቱ ዝናብ ሲገባበት ሣር አበቀለ።

ሰው እስከ አርባዋ ድረስ አልተለየንም። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደና እኔና አባቴ ቀረን። ወላጆቼ ከእኔ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፣ በጭራሽ። ዝም ብቻ አለ። ከቢሮ ይመጣል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ሬዲዮኑን ይከፍታል፣ «በላሽ?» ይለኛል። «አዎ።» «በርቺ፣ አጥኚ።» አለቀ። ለማግስቱ ደግሞ ያችኑ። አንዳንድ ቀን «በርቺ አጥኚ»ንም ይረሳታል።

እኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የሚያወራኝ ሰው አጥቼ ልፈነዳ ምንም አልቀረኝም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ቆሜ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ሰላምታ ስለዋወጥ አመሻለሁ፣ ሰላምታም ወሬ ከሆነ ማለቴ ነው። እናቴን ቀብረን እሱም አብሯት የሄደ መሰለኝ። የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አባቴ እንዲያወራኝ። ስለምንም ይሁን፣ ብቻ ያውራኝ።

በዓመቱ፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ አንድ ዓርብ ከመኪናው ኋላ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ አወረደ። አሸዋውም በጆንያ ነበር። አልጠየቅኩትም። ማታ ራት ላይ ቀና ብሎ፣ «ነገ ትምህርት አለሽ?» አለኝ።

«የለኝም።»

«እንግዲያው አሮጌ ልብስ ልበሺ።»

እንቅልፍ አልወሰደኝም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ለሠርግ የተጠራሁ ይመስል ከቁም ሳጥኔ ውስጥ ስንት አሮጌ ልብስ አማረጥኩ።

ጠዋት መሮና መዶሻ ይዞ ስንጥቁ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። ሸሚዙን እስከ ክንዱ ጠቅልሏል። ከመጠገን ይልቅ ስንጥቁን እየመታ ሲያሰፋው ጊዜ ደነገጥኩ።

«አባዬ፣ አባስከው እኮ።»

«መጀመሪያ አፉ መከፈት አለበት» አለኝ። «ዝም ብለሽ ከላይ ብትለጥፊበት ነገ ይላቀቃል።»

ከዚያ ሣሩን በሥሩ ነቀልን፣ አቧራውን በብሩሽ ጠረግን፣ ቀዳዳውን በውሃ አራስነው። ሦስት ባልዲ የተነፋ አሸዋ፣ አንድ ባልዲ ሲሚንቶ። ውሃ እኔ ነበርኩ የማፈሰው፤ «በቃ፣ በቃ! ሾርባ አደረግሽው» ብሎ ጮኸብኝ። ጮኸብኝ ብዬ እንዴት እንደተደሰትኩ! ሲሚንቶው ሲቦካ ያ ሽታ ተነሳ፤ ዝናብ የመታው ድንጋይ ዓይነት ነው፣ ጉሮሮ ላይ ደግሞ እንደ አመድ ትንሽ ያቃጥላል። አባቴ በእጁ እየጠቀጠቀ፣ በማለስለሻ እንጨት እየዳበሰ፣ ሳልጠይቀው ማውራት ጀመረ።

ለካ አባቴ የማታ ትምህርት ሲማር ቀን ቀን የሕንፃ ሥራ የቀን ሠራተኛ ነበር። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። እናቴንም ያገኛት ያኔ ነው። ከሥራ ወጥቶ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ሳለ አንዲት ልጅ ከወንበሯ ብድግ ብላ፣ «አባባ፣ ይቀመጡ» አለችው። ፀጉሩ ሲሚንቶ ለብሶ ነጭ ሆኖ ሽማግሌ መስሏት ነው። እሱ ደግሞ ደክሞት ስለነበር ምንም ሳይል ተቀመጠ። ፊቱን ቀና ሲያደርግ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ! «እናትሽ እስከምትወርድበት ፌርማታ ድረስ ቆማ ረገመችኝ» አለና ሳቀ። በዓመቱ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ እሱ ግን ሲሚንቶ ዓይኔ ውስጥ የገባ መስሎት ቧንቧ ጋ ወስዶ ፊቴን አጠበኝ።

ሥራው ግን በዚያ አላለቀም። ሲሚንቶ ሰባት ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፣ አለበለዚያ ተመልሶ ይሰነጠቃል። ጆንያ አርሰን አለበስነው። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት እሱ ይቀሰቅሰኛል፤ እሱ በጀሪካን ያመጣል፣ እኔ በጣሳ እረጫለሁ። አመሻሽ ላይም እንደዚያው። መኪናዋ ደጅ አደረች፣ ሬዲዮኑን የከፈተው አልነበረም። አባቴ በርጩማ አውጥቶ ጆንያዎቹ አጠገብ ይቀመጥና ስለ ቢሮው፣ ስለ ሞተው አባቱ፣ ስለ እናቴ ግትርነት ያጫውተኛል። ያቺ ሳምንት በሕይወቴ ከነበሩት ሳምንታት ሁሉ ትበልጥብኛለች፤ የሠርጌን ሳምንት ጨምሮ።

በሰባተኛው ቀን ጆንያዎቹን ሰበሰበ፣ መኪናዋን አስገባ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ሬዲዮኑን ከፈተ።

«በላሽ?»

በስምንተኛው ቀን ተነስቼ ብቻዬን ውሃ አጠጣሁ። በመስኮት አይቶ፣ «ይበቃዋል እኮ» አለኝ። «ትንሽ ልጨምርለት ብዬ ነው» አልኩ። በዘጠነኛውም፣ በአሥረኛውም አጠጣሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወደ መስኮቱም አልመጣም። ጣሳዬን ይዤ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቆሜ ሬዲዮኑን ሰማሁ። እናቴ በሞተች ቀን እንኳ እንደዚያ ብቻዬን አልነበርኩም፤ ያን ቀን ቢያንስ ሰው ነበር።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። በሳምንቱ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ፣ አባቴ ከቢሮ ሳይመጣ፣ መሮና መዶሻውን ከጋራዡ አወጣሁና ጥጉ ላይ ደህናውን ሲሚንቶ መታሁት። ሦስት ጊዜ። አንድ ክንድ የሚያህል ስንጥቅ ወጣለት። ብናኙን በእግሬ በታትኜ ዕቃውን መለስኩና የሒሳብ ደብተሬን ከፍቼ ተቀመጥኩ።

አባቴ መጥቶ መኪናዋን ሲያስገባ አየው። ወርዶ ቁጢጥ አለ። በጣቱ ስንጥቁን ዳበሰ፣ ጣቱ ላይ የቀረውን ነጭ ብናኝ አየ፣ ቀጥሎ ጋራዡ ውስጥ መሮው የተቀመጠበትን አየ። እኔ በረንዳው ላይ ነፍሴ ልትወጣ ደርሳለች።

«ይሄ ደግሞ መቼ መጣ?»

«እኔ እንጃ… ፀሐይ ይሆናል።»

«ፀሐይ» አለ። «የዘንድሮ ፀሐይ አደገኛ ነው።» ከዚያ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና፣ «ቅዳሜ ትምህርት አለሽ?» አለኝ።

እንዲህ ሆኖ ቀረ። በየሁለት በየሦስት ወሩ ፀሐዩ አንድ ቦታ ይሰነጥቃል፤ እኛም ቅዳሜ እንጠግናለን፣ ሰባት ቀን እናጠጣለን። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው፣ «እናንተ ሰዎች፣ መሬቱን ልብስ አደረጋችሁት እንዴ? ሁልጊዜ ትጥፉታላችሁ!» ይሉን ነበር። አባቴም ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «ሲሚንቶው ነው፣ እንደ ድሮው አይደለም» ይላቸዋል። አንድም ቀን አውቄብሻለሁ አላለኝም። እኔም አንድም ቀን አልተናዘዝኩም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ያ መሬት ልጥፍ በልጥፍ ሆኖ ነበር።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ ባል። እዚሁ ከተማ፣ ቡልጋሪያ አካባቢ ቤት ተከራየን። ከቡልጋሪያ ካዛንቺስ ስንት ነው? ታክሲ ካገኛችሁ ሩብ ሰዓት አይሞላም። እኔ ግን በወር አንዴም ከሄድኩ ጎበዝ ነበርኩ። ሪፖርት አለ፣ ስብሰባ አለ፣ ልብስ አጠባ አለ። አባቴ ጡረታ ወጥቶ ብቻውን ነበር። ስደውል፣ «ደህና ነኝ፣ ሥራሽን ሥሪ» ይለኛል፤ ደህና ነኝ ካለ ደህና ነው ብዬ ሥራዬን እሠራለሁ።

አንድ ረቡዕ ራሱ ደወለ። እሱ መደወል አይወድም።

«ስንጥቅ መጥቷል» አለኝ።

«የት ጋ?»

«ጋራዡ በር ላይ። ትንሽ ነገር ናት።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ቅዳሜ ሥራ አለሽ?»

ስብሰባ ልገባ በር ላይ ቆሜ ነበር። «አባዬ፣ በዚህ ዕድሜህ ሲሚንቶ ማቡካት የለብህም» አልኩት። «ጎበዝ ባለሙያ አለ፣ ነገውኑ እልክልሃለሁ። አንተ አትልፋ።»

«እሺ፣ ይሁን» አለ። «አንቺም ሥራ አለብሽ።»

ስልኩን ስዘጋ ምን እንደተሰማኝ ታውቃላችሁ? ኩራት። አባቷን የምትጦር ልጅ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው ደወለ። «እህት፣ ሥራው አልቋል። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ማለቴ ቅር እንዳይልሽ። ስንጥቁ በራሱ የመጣ አይደለም። በመሮ የተመታ ነው። ግቢው ውስጥ ልጅ አለ እንዴ?»

«ልጅ የለም» አልኩት። «አባቴ ብቻ ነው ያለው።»

«እኔ እንጃ እንግዲህ። የደከመ እጅ ነው የመታው፤ መሬቱን ብዙ ቦታ ሞክሮ ሞክሮ ነው የሰነጠቀው።»

ቢሮዬ ውስጥ ኮምፒውተሬ ፊት ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ቅዳሜ ልሄድ አሰብኩ። ግን ቅዳሜ ሠርግ ነበረብኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሠርጉ ሰበብ ነው፤ ፊቱን ማየት ፈራሁ። የሄድኩት በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው፣ ሙዝ ገዝቼ።

አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። እጆቹን አየኋቸው፤ በግራ እጁ አውራ ጣት ላይ ጥፍሩ ጠቁሯል። መዶሻው የሳተው ጊዜ መሆን አለበት። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። አጠገቡ ተቀመጥኩና ሙዝ ልጬ ሰጠሁት።

«ሰውየው እንዴት ነው?» አልኩት። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

«እጁ ጥሩ ነው። ንጹሕ አድርጎ ነው የሠራው። ከምሳ በፊት ጨረሰው።» ሙዙን ቀስ እያለ አላመጠ። «ብቻ አይጫወትም» አለ።

አውቄያለሁ ልለው፣ ይቅር በለኝ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። «አባዬ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልምጣ? አብረን የሆነ ነገር እንሥራ።»

«ምን እንሠራለን?» አለ መሬቱን እያየ። «ሁሉም ደህና ነው እኮ። አንቺም ሥራ አለብሽ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድኩ፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ቅዳሜ። ተቀምጠን ሙዝ እንበላለን፣ ሬዲዮ እንሰማለን፣ «በላሽ?» ይለኛል። እስኪሞት ድረስ ስለ ስንጥቅ ሁለተኛ አልደወለልኝም። ከበሩ በገባሁ ቁጥር ዓይኔ መሬት መሬቱን ይፈልጋል፤ አንዲት ቀጭን መስመር እንኳ አጣሁ።