ድሩ እስኪያልቅ

ሞኝ ሰው ፈልጋችሁ ካጣችሁ መርሳ ገበያ ብቅ በሉና እኔን ጠይቁ። ከሥራ ለማምለጥ ብሎ ሥራ ያፋጠነ ሰው ከእኔ ሌላ አላውቅም።

ትናንት ገበያ ላይ ከጆንያ የወጣ አዲስ የፋብሪካ ክር ሸተተኝና የአስራ ሰባት ዓመት ልጅነቴ መጣብኝ። ግራና ከተማ፣ አጎቴ ሰይድ ቤት፣ እግሬን የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ ቁጭ ብያለሁ። ጓደኞቼ በሳምንቱ ለጥጥ ለቀማ አፋር ሊወርዱ ነው። የእኔም ልብ ወርዷል።

«አጎቴ፣ እባክዎ ልሂድ» አልኳቸው።

«ድር ተወጥሮማ ተትቶ አይነሳም። ይሄ ሲያልቅ ኢንሻአላህ ትሄዳለህ።»

ከዚያ ማን ያስቁመኝ! መወርወሪያዋን ሳመላልስ ወገቤ ተቆረጠ፤ የአስር ቀኑን ሥራ በአምስት ቀን ጨረስኩት። የመጨረሻውን ጋቢ ቆርጬ እግሬን ላወጣ ስል አጎቴ አዲስ ድር ታቅፈው መጡ። የአሮጌውን ጫፍ ከመሣሪያው ሳያወጡ፣ አጠገቤ ተቀምጠው አዲሱን ክር አንድ በአንድ ይቋጥሩበት ጀመር። ለካ ሸማኔ ቤት ድር ይቀጠላል እንጂ አያልቅም!

«ማሻአላህ፣ እጅህ እኮ ፈጠነ» አሉኝ። «እንዲህ ያለ ሸማኔ እንዴት ይለቀቃል?»

ጓደኞቼ ሄዱ። እኔ ይኸው ሽበት አወጣሁ እንጂ እግሬን አላወጣሁም።

ያን ቀን አጎቴ ለሶላት ሲወጡ፣ ጥግ ላይ ጥጥ የሚፈትሉት ባለቤታቸው እንዝርታቸውን ሳያቆሙ እንዲህ አሉኝ፦ «አይዞህ ልጄ፤ እኔም እዚህ ቤት የመጣሁት የአጎትህን እናት አንድ ሳምንት ፈትል ላግዝ ብዬ ነበር።»