ጋሽ ራዶይና አርባ ሁለቱ ካቻቢቴዎች

በቡልጋሪያዋ ጋብሮቮ ከተማ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ የሚኖር ሰው ሁሉ መዶሻም ሆነ መጋዝ ሊገዛ ሲያስብ መጀመሪያ ምክር ሊጠይቅ የሚያንኳኳው የጋሽ ራዶይን በር ነበር። ጋሽ ራዶይ ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ሲያድሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በየእሑዱ አሮጌ ዕቃ ተራ ይወርዳሉ። መዶሻውን በመዳፋቸው ይመዝናሉ፤ የፒንሳውን መንጋጋ ገጥመው ወደ ፀሐይ ያነሡና ብርሃን ካላሾለከ ይገዛሉ። ምድር ቤት ባለው መጋዘናቸው ካቻቢቴ ብቻ አርባ ሁለት ነበራቸው።

በአንዱም ሠርተው አያውቁም።

"ያለ ትክክለኛው መሣሪያ ሥራ መጀመር ሥራውን መግደል ነው" ይላሉ።

"የአንተማ ሥራ ሳይወለድ ነው የሞተው" ትላቸዋለች ሚስታቸው ኔዳ።

በኅዳር አንድ ማለዳ፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት የሰማንያ አራት ዓመቷ እማማ ጊና መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተቆለፈባቸው። ጩኸታቸውን የሰማችው ጎረቤታቸው ኢስክራ ገብታ የበሩን እጀታ ብታዞረው እጇ ላይ ቀረ። በሩጫ ጋሽ ራዶይ ዘንድ ደረሰች።

"ጋሼ፣ ይድረሱልን!"

ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠብቀውታል! ሁለት ሣጥን ሙሉ መሣሪያ ተሸክመው ወጡና በሩ ሥር ተንበረከኩ። ጎረቤት ሁሉ ከኋላቸው ተኮልኩሏል።

"እማማ ጊና፣ አይዞዎት! በእርስዎ በኩል ያለው ብሎን አናቱ መስቀል ነው ወይስ ስንጥቅ?"

"ምን አውቄ ልጄ፣ መነጽሬ በእናንተ በኩል ነው የቀረው።"

"ማን ነው የገጠመው?"

"ባሌ ነዋ፣ ነፍሱን ይማረው።"

"በምን ገጠሙት?"

"በእጁ!"

ሰዉ ሳቀ። ጋሽ ራዶይ ላብ አጠመቃቸው። አንዱ ካቻቢቴ ሰፋ፣ ሌላው ጠበበ። ሦስተኛው ልክ ነበር፤ ግን ባለ እንጨት እጀታው የጀርመን ሥሪት ስለሆነ እንዳይጫርባቸው ሳስተው ወደ ሣጥኑ መለሱት። ይኼኔ ከውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ በሩም ተከፈተ። እማማ ጊና ፎጣ ጠምጥመው፣ ጥፍር መቁረጫ ይዘው ወጡ።

"ውሃው እኮ በረደብኝ! እዚህ አገር መንግሥት እንኳ ከዚህ ቶሎ ይመረጣል!"

ጋሽ ራዶይ አራት ቀን ከቤት አልወጡም። እሑድ ገበያ ሲቀሩ ኔዳ ደነገጠች፤ ሐኪም ልትጠራም አሰበች። ሰኞ ግን ያንን የጀርመን ካቻቢቴ ብቻ ይዘው እማማ ጊና ዘንድ ሄዱ። አንድ እጀታ ለመግጠም ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው፤ በሩንም ከላይ እስከ ታች ቧጨሩት። አሮጊቷ ጭረቱን በጣታቸው ዳሰሱት። ባኒጻ ከሚሉት ትኩስ ባለ አይብ ቂጣ ቆርሰው ሰጧቸው።

"የወጥ ቤቱም ቧንቧ ያንጠባጥባል" አሉ። "መቼ ትመጣለህ?"

በዚያ የበረዶ ክረምት ጋሽ ራዶይ ሦስት ካቻቢቴ ሰበሩ፣ አንድ አውራ ጣት ቀጠቀጡ፣ ሁለት ቧንቧም በትክክል ጠገኑ። የሰው ነገር ግን ይገርማል፤ ምንም ሠርተው በማያውቁበት ዘመን ምክራቸውን እንደ ጠበል ሲሻማ የኖረ ጎረቤት፣ የእማማ ጊናን በር ካየ ወዲህ ጨርሶ አያማክራቸውም።

"እሳቸውን ጠይቄ ነው የምገዛው? በሩን አላየሽውም እንዴ?" አለች ኢስክራ ለኔዳ።

ኔዳም ለመጀመሪያ ጊዜ ለባሏ ወግና ተቆጣቻት።