በእንሴኖ የመረጥኳት ሞተር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሜሮን ከወልቂጤ ደውላ፣ «እማ፣ ሥራ የምመላለስበት ስኩተር ልገዛ ነው» ስትለኝ ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ያ ሁሉ ባጃጅ፣ ያ ሁሉ ሲኖትራክ በሚርመሰመስበት መንገድ! «አይሆንም!» ልላት ነበር። ግን በምን አፌ? በእሷ ዕድሜ ምን እንዳደረግኩ የዚያን ጊዜ የቡታጅራ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ያኔ ኢሕአዴግ ከገባ አሥር ዓመት ያህል ሆኖታል። እኔ ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ቆጮ እሸጣለሁ። ከከተማው ዳር ካለው ቤታችን በኮባ የተጠቀለለውን ቆጮ በጀርባዬ አዝዬ ለክትፎ ቤቶች አደርሳለሁ። መስቀል ሊደርስ ሲል ትልቁን ክትፎ ቤት የያዙት እትዬ ብርቄ፣ «ከምሳ በፊት ካላደረስሽልኝ ሌላ ሰው እይዛለሁ» አሉኝ። እሳቸውን ካጣሁ ሥራዬ አበቃ ማለት ነው።

ወንድሜ ሳሙኤል ልብስ ሰፊ ነበር። ጨርቅ ለማመላለስ እሱም ሞተር ይፈልግ ነበርና ተጋግዘን አንድ ልንገዛ ተስማማን። መንዳቱን በጎረቤት ሞተር ተለማምደናል። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው፤ ሳሙኤል ረጅም ሞተር ከመረጠ እኔ ከነቀሚሴ ልወጣባት አልችልም፣ ያው በእግሬ መቅረቴ ነው።

እንሴኖ አንድ ነጋዴ ሁለት ሞተር እንደሚሸጥ ሰምተን ሄድን። ዝናቡ ቆሞ መንገዱ ገና ጭቃ ነው። ሞተሮቹ ከዋንዛ ጥላ ሥር ቆመዋል። አንዷ ቀይ፣ ረጅም፣ የምታብለጨልጭ። ሌላዋ ዝቅ ያለች፣ ቀለሟ የተላላጠ፣ መቀመጫዋ በሲባጎ የተሰፋ።

«ይቺማ የዶሮ ማመላለሻ ናት!» ብሎ ሳሙኤል ሳቀባት። ነጋዴው ቀይዋን አንዴ ቢረግጣት አጓራች፤ የወንድሜ ልብ አብሯት ሄደ።

እኔ ፈሪ ነኝ። ፈሪ ደግሞ ቶሎ አያምንም። ቆጮ ነጋዴም ላዩን አይቶ አይገዛም፤ ላዩን አሳምሮ ከሥሩ ቃጫውን የሚሸሽግ ሞልቷል። እጅን እስከ ታች ሰዶ መጨበጥ ነው። ነጋዴው ቀይዋን ሊያስነሳ ከመርገጡ በፊት እንደ ልማዴ እጄን ሆዷ ላይ ባሳርፍ ለበለበኝ፤ ያኔ ግን ለመጠየቅ አፍሬ ነበር። አሁን ጠየቅኩ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ማን ነዳት?»

«ማንም! ከትናንት ጀምራ እዚሁ ናት።»

«ታዲያ ሳይረግጧት በፊት ምን አሞቃት?»

«ፀሐዩ ነዋ፣ ልጄ!»

«በዋንዛ ጥላ ሥር?» አልኩና ትንሿን ነካኋት። እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቃዛ ናት። «እንግዲያው ቀይዋም እስክትበርድ እንጠብቃለን።»

«ኧረ አታሳፍሪኝ!» አለ ሳሙኤል በጆሮዬ። አልሰማሁትም። የበቆሎ ጥብስ ገዝተን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ነጋዴው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ እኔ በቆሎዬን እፈለፍላለሁ። ሰው መጠርጠር ግን ቀላል አይደለም።

ስትበርድ ረገጣት። ዝም። ደገመ። ዝም። ኮቱን አውልቆ ረገጠ፤ ላቡ ተንቆረቆረ። ለካ ስትበርድ አልነሳ ስለምትል እኛ ሳንደርስ አስገፍቶ አሙቋት ነበር። ከከበበን ሰው አንዱ፣ «ጋሼ፣ በቅሎ እንኳ ይህን ያህል ተለምና አታውቅም!» አለና ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ትንሿ ላይ ወጣሁ። ሁለቱም እግሮቼ መሬት ረገጡ። በሦስተኛው ምት ተነሳች። ማርሽ አስገብቼ ትንሽ ሄድኩና ፍሬን ያዝኩ፤ ቀጥ አለች። ዋጋዋን ከፈልን። ሳሙኤል አቀርቅሮ፣ «በይ ነጂ፣ እኔ ከኋላ ነኝ» አለኝ። እስከ ቡታጅራ ድረስ ወገቤን ጨምድዶ «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ!» እያለ ነው የደረሰው።

በማግስቱ እትዬ ብርቄ ቢላቸውን እንደያዙ በር ላይ ወጡ። «ወይ ጉድ! ሥጋው ሳይከተፍ ቆጮው ደረሰ!» ብለው አጨበጨቡ። በዚያ መስቀል የእኔን ቆጮ ያልበላ እንግዳ አልነበረም። ሜሮንን አርግዤ ሆዴ መሪውን እስኪነካ ድረስ ነዳኋት።

ዛሬም ፈሪ ነኝ። ፍርሃት ሰውን ያስቀራል ይላሉ፤ የእኔ ግን ዓይኔን ገልጦ ነው የሸኘኝ። ሐሙስ ወልቂጤ እሄዳለሁ።

እንደምመጣ ደውዬ ስነግራት፣ «ልትከለክዪኝ ነው?» አለችኝ ሜሮን።

«ኧረ ወዲያ! ኋላሽ ተቀምጬ ከተማውን እንድታዞሪኝ ነው» አልኳት። እስከዚያ እጸልያለሁ።