ያልተጠረገው ጋራዥ

ልጄ ወደ ሲያትል በሄደች ጠዋት የጋራዣችን በር አልዘጋ አለኝ። ቁልፉን ስጫነው እስከ ወገቤ ድረስ ይወርድና፣ የረሳው ነገር ያለ ይመስል ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ጣሪያው ላይ ያለው አምፖልም ብልጭ ድርግም እያለ ያሾፍብኛል።

እኔና ልጄ ከተኳረፍን ሁለት ሳምንት ሆኖናል። ሥራ ያገኘችው እዚያ ነው። እኔ ደግሞ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ኩፐርቲኖ ውስጥ ሥራ ሞልቶልሽ ሲያትል ምን አስኬደሽ ብዬ ያዝኳት። በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር፤ "ከሄድሽ እንግዲህ ሄድሽ ነው" አልኳት። ምላሴ ከልቤ ቀድሞ ይሮጣል፤ ይህ የቆየ በሽታዬ ነው። እሷም ዕቃዋን ማሸግ ቀጠለች።

ዋዜማውን የመሸኛዋን ምሳ ያበላነው እዚያው ጋራዥ ውስጥ ነበር። መኪኖቹን አውጥተን ወንበር ደረደርን። ሚስቴ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ልጄን አልሸኝም ብላ ከጓሮ ረጃጅም ሣር አጭዳ ጎዘጎዘችው። ከኦክላንድ የመጡ አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን ተነሥተው ሲመርቋት ቤቱ ሁሉ አሜን አለ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ለስላሳ እከፍት ነበር። በማግስቱ መኪናዋን ስታስነሣም የጎማዋን ንፋስ ከመለካት በቀር ምንም አላልኳት። አቀፈችኝ፤ እንደ ግድግዳ ቆምኩላት።

እንግዲህ መኪናዋ ከመንገዱ እንደታጠፈ ነው በሩ ያመፀብኝ። ሐዲዱን ዘይት ቀባሁት፤ ሶኬቱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፤ ወፍ የለም። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከበሩ ሁለት ሪሞቶች አንዱ እሷ መኪና ውስጥ ነው፤ ምናልባት ሻንጣ ተጭኖት ይሆን? ሪሞት ከመንገዱ ማዶ ካለፈ እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ ሃያ ዓመት ከመሪ ያልተለየሁ ሹፌር ነኝ። ቢሆንም ወጣ ብዬ መንገዱን ግራና ቀኝ አየሁ።

እናቴ መንገደኛ ከቤት ከወጣ በኋላ፣ በሰላም መግባቱ ሳይሰማ ወለል አታስጠርግም ነበር። ይህን ልማድ እኔም ሳን ሆዜ ድረስ ይዤው መጣሁ። ልጄ ትንሽ ሳለች ረጅም መንገድ በነዳሁ ቁጥር፣ ማንም እንዳይጠርግብኝ መጥረጊያውን አልጋዋ ሥር ትደብቀው ነበር። ሚስቴ ግን ስትስቅብን ነው የኖረችው። የደረቀ ሣር ወለል ላይ አድሮ ማየት የማትችል ሴት ናት። ልጃችን በሄደች ቀን ግን መጥረጊያውን እያየች አለፈችው፤ እኔም አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

የተከፈተ ጋራዥ ትቼ ሥራ መሄድ ስላልቻልኩ በማግስቱም ወንበሬን አውጥቼ ዘበኛ ሆንኩ። ልጄ መንገድ ላይ፣ ኦሬጎን አደርኩ ብላ ለእናቷ ቴክስት አድርጋለች። ለእኔ ምንም የለም። ሚስቴ ወደ ሥራዋ ስትወጣ ይህን በር ጠባዩን የምታውቀው ልጅህ ናት፣ ለምን አትደውልላትም አለችኝ። ራሴ እሠራዋለሁ አልኳት። "እንግዲያው ኩራትህን ቁጭ ብለህ ጠብቅ" ብላኝ ሄደች።

እስከ አመሻሽ ጠበቅሁት። ብርድ ሲገባ ደወልኩ፤ ገና አንዴ እንደጠራ አነሣችው። ስለ በሩ ነው የደወልኩት ብዬ ቀደምኩ፤ ናፍቀሽኝ ነው ማለት እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም።

በእንግሊዝኛዋ፣ ረጋ ብላ ትጠይቀኝ ጀመር። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብለው፣ በበሩ ግራና ቀኝ የሚተያዩ ሁለት ትንንሽ ዓይኖች አሉ፤ መሐላቸው የሚጋርድ ነገር ካለ በሩ ሰው ያለ መስሎት ይመለሳል አለችኝ። የሁለቱም መብራት በርቷል? የቀኙ በርቷል፤ የግራው ጠፍቷል አልኳት። ፊቱ ምን አለ? ተንበርክኬ አየሁ። የእንግዶቹ ወንበር ሣሩን ገፍቶ ገፍቶ ዓይኑ ፊት ቆልሎታል። ሣር ነው አልኳት።

ታዲያ ለምን አታነሣውም አለችኝ። እዚያ ሁሉ ሣር ውስጥ እንደተንበረከክሁ፣ ገና አልተጠረገም አልኳት። ከዚያ አማርኛዋን ቃል በቃል እየፈለገች ተናገረች።

"አባዬ፣ ደርሻለሁ። አሁን ጥረገው።"

እዚያው እንደተንበረከክሁ፣ በዋዜማው ማለት የነበረብኝን አልኳት።

"እግዚአብሔር ከፊትሽ ይቅደም፣ ልጄ።"

"አሜን" አለች።

ስልኩን ከዘጋን በኋላ መጥረጊያውን አመጣሁ። ከጥግ እስከ ጥግ፣ ከወንበሮቹ ሥር ሳይቀር ጠረግሁት፤ ቀስ ብዬ ነው የጠረግሁት። የግራው ዓይን በራ። ቁልፉን ስጫን በሩ ሳያንገራግር ወርዶ ወለሉን ነካ። መጥረጊያውን እንደያዝኩ፣ ምናልባት ተመልሶ ይነሣል ብዬ ጥቂት ጠበቅሁ። አልተነሣም።