አረፋውን የሚያጠፋ እጅ

ትናንት ከጋራዥ እንደገባሁ የዓሣዎቹ ውሃ ላይ ቅጠል ተንሳፍፎ አየሁ። ሳልታጠብ እጄን ነክሬ አወጣሁት። ወዲያው የማጣሪያው ጠርሙስ አናት ላይ የነበረው አረፋ ጠፋ። ቆሜ ቀረሁ። ቶሌራ የገባ መሰለኝ።

ቶሌራ ታላቅ ወንድሜ ነው። የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በዚያ በግንቦት ሙቀት፣ ሁለት ብርቱካንማ የባሕር ዓሣዎች በጀሪካን ይዞ አዳማ ገባ።

"ሰው ከመተሃራ ሽንኩርት ይዞ ይገባል" አለች እናቴ። "አንተ ደግሞ ይኼን?"

ችግሩ ውሃው ነበር። ቶሎ ይቆሽሻል፤ አዲስ የባሕር ውሃ የሚገኘው ደግሞ ቶሌራ ጅቡቲ ደርሶ ሲመለስ ብቻ ነው። ጉዞው ከዘገየ ዓሣዎቹ ይሞታሉ። ስለዚህ ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣ ዕቃ በስልክ አይተን ልንሠራ ተነሣን። ሁለት ሃይላንድ ቆርጠን አንዱን ባንዱ ላይ ገጠምን። ከሥር በቀጭን ቱቦ አየር ለቀቅን። አረፋው ቆሻሻውን ይዞ ወደ ላይኛው ጠርሙስ መውጣት ነበረበት።

መነሣቱንስ ይነሣል። ቶሌራ "ቆይ ላስተካክለው" ብሎ እጁን ሲሰድ ግን ይከስማል።

"ምን አድርጌው ነው የሚጠላኝ?"

"ግሪስህን ነው የጠላው" አለች እናቴ። "ቅባት የነካው ብርጭቆ ላይ የጠላ አረፋ ይቆማል እንዴ? በሎሚ ታጠብና ና።"

ታጠበ። እየቆየ አረፋው ወጣ፤ እንደ ሻይ የጠቆረ፣ የሚሸት። ቶሌራ አሽትቶ ፊቱን አዞረ፤ ከዚያ ሳቀ። "ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ከገማማ ሠርቷል ማለት ነው።"

ከዚያ በኋላም አልተወም። ከመንገድ በገባ ቁጥር መጀመሪያ ሳይታጠብ እጁን እዚያ ይነክራል። እናቴ ከገበያ ተመልሳ አረፋው ጠፍቶ ካየች፣ "ቶሌራ ገብቷል" ትልና ምሳ ታሞቃለች።

አንድ ጊዜ ሄዶ አልተመለሰም። መኪናው ተገለበጠ። ስለዚያ... መጻፍ አልችልም። የባሕሩን ውሃ አሁን ጓደኛው ያመጣልናል። አረፋው ግን ለወራት አንድም ቀን አልጠፋም ነበር። ዕቃው በደንብ በመሥራቱ መደሰት ነበረብኝ።

ትናንት እናቴ ጠርሙሱን አየች፣ እጄን አየች። ገብታ ግማሽ ሎሚ አመጣችልኝ።

"ምሳህን ላሙቀው" አለች።

ዛሬ ጠዋት አረፋው ተመልሶ ነበር። ዓሣዎቹም ምግብ ፈልገው ወደ ላይ መጡ። ከእንግዲህ ከሥራ ስገባ በሎሚ እታጠባለሁ። አልፎ አልፎ ግን የምረሳው ይመስለኛል።